አንድ ላይ ይልቀቀን

«ጣትሽ እየደማ ነው» አላት አባቷ።

ትልቋ ልጅ ጣቷን አየችው። እውነትም ይደማል። ከአሮጌው ሶፋ ላይ በጉጠት ስትነቅለው የነበረ ሽቦ ወግቷት ደሙ ግራጫው ጨርቅ ላይ ጠብ ጠብ ብሏል። አላመማትም። ከወንድሟ ቀብር ወዲህ የሚያማት ነገር የለም። መላ ሰውነቷ እንደተኙበት ክንድ ደንዝዟል፤ ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው ነው የሚመስላት።

«የደንበኛውን ጨርቅ አበላሸሁት።»

«ግድ የለም፣ የሚጣል ነው።» አባቷ ቁራጭ ጨርቅ ወረወረላትና ወደ መዶሻው ተመለሰ።

ሥራ ቦታቸውና ቤታቸው በአንድ በር ይገናኛሉ። ከፊት ሶፋ ይገፈፋል፣ ስፖንጅ ይቆረጣል፣ አዲስ ጨርቅ ይለብሳል፤ ከጓዳ ደግሞ ይበላል፣ ይተኛል። እናቷ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪና አትነሳም። ድሮ ሁሉም ሥራ ሲይዙ ወንድሟ ጥግ ላይ የተከመረው ስፖንጅ ላይ ወጥቶ ያፏጭ ነበር። የፊት ጥርሶቹ ከወለቁ በኋላ እንኳ አልተወም፤ አየሩ በክፍተቱ እያመለጠ ከፉጨቱ ይልቅ ምራቁ ይበዛል። «ፉጨት» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። አሁን ስፖንጁ ላይ የሚቀመጥ የለም።

ይህ ቤት የራሱ ሕግ ነበረው፤ ያወጣውም አባቷ ነው። አንዱን ጉንፋን ሲይዘው ትልቁ ሰማያዊ ኩባያ ከተሰቀለበት ምስማር ይወርዳል። ሻይ ይሞላበታል። ከታመመው ሰው ጀምሮ ሁሉም በየተራ ይጎነጫል።

«ተራ በተራ እያነጠስን ወር ሙሉ ሥራ ከምንፈታ፣ አንድ ላይ ይያዘን፣ አንድ ላይ ይልቀቀን!» ይል ነበር አባቷ፣ ትልቅ ጥበብ ያገኘ ሰው እየመሰለ። ከዚያ ሱቁ ይዘጋል። ሁሉም አንድ አልጋ ላይ ተጠጋግተው፣ አፍንጫቸው በርበሬ መስሎ፣ እርስ በርስ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ጎረቤቶች «ጤነኞችም አይደሉ» ይሏቸዋል። ልጆቹ ግን ጉንፋን ሲመጣ ደስ ይላቸው ነበር።

የመጨረሻውን ጉንፋን ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችው ትልቋ ናት። የፈተና ሰሞን ክፍሉ በሙሉ ያነጥስ ነበር። ኩባያውን ለወንድሟ ያቀበለችውም እሷ ናት። ትኩስ ነው ብሎ ሲያመነታ፣ «ጨልጠው እንጂ፣ ፈሪ!» አለችው። ጨለጠው። እሷ በማግስቱ ተሻላት፤ እሱ ግን ትንፋሽ እያጠረው ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም።

ያከመችው ሐኪም ነገሩ አልዋጥ ብሏት ኖሮ የልጁንም የወላጆቹንም ደም አስመረመረች። ውጤቱ የደረሰ ዕለት አባትን፣ እናትንና ትልቋን ቢሮዋ አስቀምጣ በቀላል አነጋገር አስረዳቻቸው።

«ኢንፍሉዌንዛ ሰውነት ውስጥ ሲገባ 'ሌባ! ሌባ!' ብሎ የሚጮህ ደወል እንዳለ አስቡት። ደወሉን የሚሠራውን ዘረ መል ልጅ ከእናቱም ከአባቱም አንድ አንድ ይወርሳል። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይጮሃል። እናንተ ሁለታችሁም አንድ ደኅና፣ አንድ የተበላሸ ስላላችሁ ሳታውቁት ኖራችኋል። ለእሱ ግን ከሁለታችሁም የደረሰው የተበላሸው ሆነ። ሌላው ሰው በሳል የሚያልፈው በሽታ እሱ ላይ ሳንባው ድረስ ገባ። የማንም ጥፋት የለበትም። ግን ሁለቱ ሴቶች ልጆችም ይመርመሩ። እያንዳንዳቸው ላይም ሊኖር የሚችልበት ዕድል ከአራት አንድ ያህል ነው። ካወቅነው ክትባት አለ፤ ገና ሲጀምር የምንሰጠው መድኃኒትም አለ። ሐሙስ አምጧቸው።»

ከውጤቱ በፊት የእናቷ እህት «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም» ስትል፣ የአባቷ ወንድምም እንዲሁ ሲል ከርመው ነበር። አሁን ሁለቱም ወገን ጭጭ ብሏል። ቤት ውስጥም ስለ ሐሙስ ትንፍሽ ያለ የለም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ጓደኛዋ አጠገቧ ስታስል ትልቋ ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች።

«አታካብጂ እንጂ!» ስትል ጓደኛዋ ሳቀችባት። «ጉንፋን እኮ ነው!»

ትልቋ ደብተሯን አንስታ የኋላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

አሁን በቁራጩ ጨርቅ ጣቷን እየጠቀለለች፣ «ነገ ሐሙስ ነው» አለች።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ነገ ይሄን ሶፋ እናስረክባለን» አለች እናቷ፣ ዞር ሳትል።

«እማዬ፣ ሚጢ...» አለች ትልቋ፣ ትንሿ እህቷ ወዳለችበት ጓዳ እያየች።

«ሚጢ ምን ሆነች? ደኅና ልጅ በመርፌ የሚወጋው ምን ቆርጦት ነው?» ድምጿ ቀጠነ። «ባውቀውስ? እሱንም የገደልኩት እኔ፣ እሷንም የምገድላት እኔ፣ ብዬ ልቀመጥ?»

አባቷ መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔም እኮ አለሁበት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አንተማ ኩባያህም አለበት።»

ከቀብሩ ወዲህ ኩባያውን በስሙ የጠራው አልነበረም። አባቷ ያልተጠናቀቀው ሶፋ እንጨት ላይ ቁጭ አለ። ትልቋ የአባቷን አቀርቅሮ መቅረት፣ የእናቷን ጀርባ አየች። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባዋ ግን አልመጣም። «ያቀበልኩት እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። በምትኩ አነጠሳት።

አንዴ። ደግሞም አንዴ።

ሁሉም ደርቀው ቀሩ። ከጓዳ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ አራት ዓመት ያልሞላት ሚጢ ሰማያዊውን ኩባያ በሁለት እጇ አቅፋ ብቅ አለች። ከባልዲ የቀዳችው ውኃ ሆዷ ላይ እየፈሰሰ ነው። ፊቷ በደስታ በርቷል። ሰው የሚሳሳቅበት፣ ሁሉም አንድ አልጋ ላይ የሚተኛበት ቀን መጣ ብላለች።

«አንድ ላይ ይያዘን!» አለች። «ቅመሺና ስጪኝ!»

እናቷ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ግን ከዚያ አልተራመደችም። አባቷም እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ትልቋ ኩባያውን ተቀበለች። እጀታው ቀዘቀዛት። ወዲያው ጣቷ ጠዘጠዛት፤ ሽቦው የወጋት ገና አሁን የሆነ ይመስል እስከ ክንዷ ድረስ አመማት። ውኃውን እስከ መጨረሻው፣ ጠብታ ሳታስቀር ጨለጠችው።

«ለእኔስ?»

«ላንቺ የለም። ከእንግዲህ ላንቺ የራስሽ ብርጭቆ ነው።»

ሚጢ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እሪ አለች። እዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ከተለቀሰ ቆይቷል። ትልቋ ልታነሳት ጎንበስ ልትል ነበር፤ ተወችውና አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና ወደ በሩ አፈገፈገች።

«ነገ ውሰዱን» አለች ከዚያው ሆና። የዓይኗ ዳር መርጠብ ጀምሯል። «ሁለታችንንም። እሷን እናንተ ያዟት፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እመጣለሁ። ማታ ካተኮሳት ግን ነገን አንጠብቅም። እናንተ ካቃታችሁ ሐኪሟ ጋ እኔው እደውላለሁ። ውጤቱን እፈራዋለሁ፣ እማዬ። በጣም ነው የምፈራው። ባለማወቃችን ግን ፉጨትን...» መጨረስ አልቻለችም።

አባቷ ሚጢን አነሳትና ወደ ጓዳ ይዟት ገባ። እናቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። ትልቋ ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሏት ነበር። እናቷ ግን ግራጫውን ክር አውልቃ ነጭ አስገባች፤ ከገበር ጨርቅ ቁራጭ ቆረጠች፣ ደርባ አጠፈች፣ ግራና ቀኙ ላይ ላስቲክ ሰፋች። የአፍ መሸፈኛ ሆነ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ልጅቷ እጇን ዘርግታ የምትደርስበት ቦታ አኖረችው።

«አጥልቂው» አለች። ቀጥላም፣ «ሶፋውን ነገ ከሰዓት ይውሰዱት እላቸዋለሁ።»

ትልቋ አጠለቀችው። ከሚጢ የሚርቀው ቦታ ያ ጥግ ስለሆነ ሄዳ የስፖንጁ ክምር ላይ ወጣች። ስፖንጁ ከሥሯ ጎድጎድ አለ። ጣቷ አሁንም ይጠዘጥዛታል፤ እንዲጠዘጥዛት ተወችው።