ከበሩ ውጭ የተቀመጡ ጫማዎች

የሒሳብ ሊቁ በምርምር ማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ በገዛ ቢሮው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ጫማዎቹ ከበሩ ውጭ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዚያ ፎቅ ይህን ምልክት የማያውቅ የለም፤ ጫማው ውጭ ከሆነ ሰውየው ወለል ላይ ተጋድሞ እያሰበ ነውና ጣሪያው ቢደረመስ እንኳ በሩ አይንኳኳም። ምስኪን፣ ሲሞትም ማንም አልረበሸውም።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። ልቡ ነው፣ አለ ሐኪሙ፤ ከወደቀ በኋላም ነፍሱ ቶሎ አልወጣችም። ራሱ ሥር የተጠቀለለ ኮት አለ። የኮቱን ኪስ ስትዳብስ የልብ መድኃኒቱን አገኘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሮቹን አየች። ወለሉ በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል፤ የጥቁር ካልሲዎቹ ሥር ግን ንጹሕ ነው።

የሟች ሚስት የከተማ ፖሊሲ ተመራማሪ ናት። አጠገቡ ባለው ቢሮዋ ተቀምጣለች።

«ጠዋት መጥቼ ጫማውን አየሁና ተመለስኩ» አለች። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በሩን ብከፍተው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መርማሪዋ መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ጥያቄውን በጥያቄ አለፈችው።

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ ሲያስቡ ኮት ይንተራሱ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ወለሉ ካልቆረቆረኝ እንቅልፍ ይወስደኛል ነው የሚለው።»

«ጫማቸውንስ?»

«ወንበሩ ጋ ያወልቅና በካልሲ በሩ ድረስ ሄዶ ያስቀምጠዋል። ያንን ጠመኔ ሳጥብ ነው ያረጀሁት።»

መርማሪዋ ከእሷ ዘንድ በቀጥታ ወደ ሟች ታናሽ ወንድም ሄደች፤ የመከላከያ ኢንዱስትሪ ኢኮኖሚስት ነው። ሟች፣ ሚስቱና ወንድሙ አንድ ጥናት ይዘው ነበር፦ የባሩድ ፋብሪካው ሲስፋፋ መኖሪያ ቤቶች ምን ያህል ይራቁ? የሒሳቡ ስሌት የሟች፣ የነዋሪው ጉዳይ የሚስት፣ ወጪና ትርፉ የወንድም ድርሻ ነው።

«ወንድም ጋሼ እንደ አባት ነው ያሳደገኝ» አለ፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«ዛሬ አግኝተዋቸዋል?»

«ጫማውን አይቼ ተመለስኩ። ኮቱን ተንተርሶ አንዴ ማሰብ ከጀመረ ማን ይቀሰቅሰዋል?»

መርማሪዋ ፊቷን አልለወጠችም። ቀጥታ ወደ ፎቁ ጸሐፊ ሄደች።

«ያገኘኋቸው እኔ ነኝ» አለች ጸሐፊዋ። «ምሳ ሰዓት አልፎም ጫማቸው ሳይነሣ ሲቀር ሰግቼ ከፈትኩ። ወዲያው በሩን ቆለፍኩ። ፖሊስ እስኪመጣ ማንንም አላስገባሁም።»

«ስለ ኮቱ ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? አፌ ተሳስሮ!»

ሚስቱን፣ ወንድሙንና ጸሐፊዋን በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ጫማቸውን ራሳቸው ቢያወጡ ኖሮ የካልሲያቸው ሥር በጠመኔ ይነጣ ነበር» አለች። «አልነጣም። ስለዚህ ከወደቁ በኋላ ሌላ ሰው አውልቆ ውጭ አስቀመጠው፤ ማንም እንዳይገባ። ያው ሰው ኮቱን ራሳቸው ሥር አደረገ። ኮት የመንተራስ ልማድ የላቸውም። ኮቱን ያየነው ጸሐፊዋ፣ ሐኪሙና እኔ ብቻ ነን።» ወደ ወንድሙ ዞረች። «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።»

ሰውየው ለመካድ አፉን ከፈተ። ከዚያ እንደ ሕፃን አነባ።

«"የራሴ ስሌት ውስጥ ስሕተት አገኘሁ" አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ የአደጋው ክልል ውስጥ ነው፣ ጥናቱን እሰርዛለሁ አለ። የፋብሪካው አማካሪ ልሆን ጫፍ ላይ ነበርኩ። ለመንኩት፣ ጮኽኩበት። በዚህ መሃል ወደቀ። "ኮቴን" አለኝ።»

«መድኃኒቱን ፈልገው እንደሆነ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ብልቃጡ በእጄ ተሰምቶኛል።» ፊቱን ሸፈነ። «ግን ራሱ መሬት ላይ ሲሆን አንጀቴ አልቻለም። ጠቅልዬ አንተራስኩት።»

ሚስትየው የባሏን ወንድም፣ በእጇ ያበላችውን ልጅ፣ ትኩር ብላ አየችው።

«ጥናቱን እኔ እሰርዘዋለሁ» አለች። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ልጄ፣ የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም።»

መርማሪዋ ልትዋሽላት ፈለገች። የሴትዮዋ ዓይን ግን አላስዋሻትም።

«ይተርፉ ነበር፣ እናቴ።»

«እኔ እኮ በበሩ ሳልፍ ትንፋሼን ውጬ ነው ያለፍኩት» አለች። «እንዳልረብሸው።»