የጠፋችው «ች»

ያለምወርቅን አገሩ ሁሉ ዓለም እያለ ነበር የሚጠራት። ደምለው የሚባል የቅኔ ተማሪ ቁራሽ ሊለምን ደጃፋቸው ቆሞ ያያት ቀን ልመናውን ረስቶ ዝም አለ፤ እሷም ቁራሹን እንደያዘች ዝም አለች። እናቷ ሥራነሽ ከጓዳ «ምነው፣ ዲዳ ነው እንዴ የመጣው?» እስክትል ድረስ እንዲሁ ተፋጠው ቆዩ።

ከዚያ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገባ፤ ደምለውም ዱር ገባ።

ወሬው ጠፍቶ ሰነባበተና ሙላት የሚባል ጨው ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ። የፊት ጥርሶቹ ስለወለቁ ሲናገር ፊደል ይበላል።

«ዓለም በቃኝ፣ ሌላ አልሻም ብሎሻል» አላት።

ይህ ቃል በዚያ አገር ቀላል አይደለም። አረም ያታከተው ገበሬ ወገቡን ይዞ ቢለው ይሳቅበታል። ልጆቿን ድራ የጨረሰች ባልቴት ብትለው ቆብ ይሰፋላታል። ጎረምሳ ሲለው ግን ሰው ይደነግጣል፤ ወይ መንኗል፣ ወይ ሞቱን እየፈለገ ነው። ያለምወርቅ ሁለቱንም ፈራች። እህል አልወርድ አላት። በዚህ መሐል ሽማግሎች ለሌላ ሰው ሊጠይቋት መጡና አባቷ አንሙት ለእሁድ ቀጠሯቸው። እሷም ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብላ እሺ ልትል ቆርጣ ነበር።

ከእሁዱ በፊት ባለው ገበያ ከአክስቷ ከየብርጓል ጋር ቅቤ ይዛ ወደ አማኑኤል ስትሄድ፣ የጣልያን ኬላ ላይ ገበያተኛው ተሰልፎ ይፈተሻል። ከፊቷ ቢጫ የለበሰ መነኩሴ ቆሟል። ዞር ሲል ተያዩ። ደምለው ነበር!

«በዚህ ዕድሜህ ምን አመነኮሰህ?» አለው የጣልያኑ አስተርጓሚ።

«ዓለም በቃችኝ፤ ሌላ አልሻም።»

አስተርጓሚው ቀና አለ። «ሰው ሁሉ በቃኝ ነው የሚለው። በቃችኝ ስትል የሰማሁህ አንተን ነው። ማናት እሷ?»

ያለምወርቅ አሁን ገባት። ያች «ች» ሙላት የዋጣት ፊደል ነበረች! የበቃችውስ እሷው ራሷ ነበረች። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። አሁን አክስቷ ከኋላ «ዓለሜ» ብላ ብትጠራት ደምለው አለቀለት።

«ይህች ዓለም ናታ፣ ጌታዬ» አለ ደምለው። «አታላይ ስለሆነች እንደ ሴት እንጠራታለን።»

አስተርጓሚው ሳቅ ሲል ዓይኑ ያለምወርቅ ላይ አረፈ።

«አንቺስ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ስምሽ ማነው?»

«ሥራነሽ።»

«እውነቷን ነው?» አለ ወደ አክስቷ ዞሮ።

የብርጓል «ዓለሜ» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። መነኩሴውን አየች፤ አወቀችው። ልጅቱንም አየች።

«ንዳድ ይዟት ነው፣ ጌታዬ። ሥራነሽ ነች፤ እኔው ነኝ ያሳደግኋት» አለች።

እለፉ ተባሉ።

ዘበኞቹ ከኋላ ስለሚያዩ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ።

«መንኗል ብዬ አልቅሼ ልሞት ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«ሙላትን አፍህን ከፍተህ ተናገር ብዬው ነበር እኮ!» አለ ዞር ሳይል።

ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። «መቼ ነው የምትመጣው?»

«እነዚህ ሲወጡ። ከተረፍሁ።»

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ወደ ጫካው ታጠፈ። በዓይኗ እንኳ ልትሸኘው ፈራች።

እሁድ አባቷ «እንግዲህ ሽማግሎቹን ምን ልበላቸው?» አሏት።

«በቃኝ ብላለች ይበሏቸው።»

እናቷ ልጄ መነኮሰችብኝ ብላ ደረቷን መታች። ያለምወርቅ አቅፋ አባበለቻት እንጂ ማን እንደበቃት አልነገረቻትም፤ ወሬው ኬላው ይደርሳል ብላ ፈርታለች። ደግሞም አልዋሸችም። ደምለው ወንድ ነውና «ች» አያስፈልገውም።