በዘር ቆጠራ የተዘለለችው እናት

ሞጣ ውስጥ እኔ የማላውቀው ሰው፣ ያልሰማሁት ወሬ የለም! ይህን የምለው ለጉራ አይደለም… እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ። ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ትምህርቱ ከብዶኝ ሳይሆን ፓስቲው ገበያ ስላገኘ ነው። ከባሕር ዳር የመጣውም ከደጀን የመጣውም መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። የማን ልጅ ለማን እንደታጨች፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ባለጉዳዩ ራሱ ሳያውቀው እኔ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። መሐረብ ያዙ፤ ኋላ አልነገርሽንም እንዳትሉኝ።

ከሐምዱ ጨርቅ ቤት ጀርባ አንዲት የጭቃ ቤት አለች። በዚያች ቤት እትዬ ጥሩአየሁ የሚባሉ ጥጥ ፈታይ ባልቴትና ስርጉት የምትባል ልጃቸው ይኖሩ ነበር። ድሆች ናቸው፤ ግን ምን ዓይነት ድሆች! ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ደቅነው "ቧንቧ ገባልን" እያሉ የሚስቁ ድሆች! ስርጉት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጓደኛዬ ናት፤ ስትስቅ እስከ መናኸሪያው ይሰማኛል። ይህን ሳቅ ሰምቶ ነው አናጺው እዮብ መዶሻውን የገዛ ጣቱ ላይ ያሳረፈው። ጥፍሩ ጠቆረ፤ ልቡ ግን ተወስዶ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ፤ እትዬ ጥሩአየሁም እሺ አሉ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ምን የቀረ ነገር ነበር? ምንም! ደስታ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማውን እያወለቀ ነበር… ወየው፣ ያን ጊዜ ነው አባ አካለ ወልድ ጉሮሯቸውን የጠረጉት!

አባ አካለ ወልድ የእዮብ አያት ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ጥርስ የላቸውም፤ የሰው ዘር ግን ከነቅርንጫፉ ራሳቸው ውስጥ ተቀምጧል። "ሙሽራዪቱ እስከ ሰባት ቤት ትቆጠርልን" አሉ። በእኛ አገር ከሰባት ቤት ወዲህ ዘመድ ከዘመዱ አይጋባም። ከወላጅ ተነሥቶ፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ወደ ላይ ይቆጠራል፤ የሁለቱም የሆነ አንድ ስም በአንዱ ወገን እንኳ ከሰባት ሳያልፍ ከተገኘ፣ ድንኳን ቢተከል እንኳ ይነቀላል። እትዬ ጥሩአየሁ ይህን ሲሰሙ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"አባ፣ እኔ ልቆጥርላችሁ አልችልም" አሉ። "ልጄ ናት… ግን አልወለድኳትም።"

እኔ በር ላይ ነበርኩ። እየሰማሁ አልነበረም… እየሰማሁ ነበር። እኔ ሁሉን አውቃለሁ ባይዋ፣ የልብ ጓደኛዬን ከማን እንደተወለደች አላውቅም ነበር ማለት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ቢቸና አጠገብ አገሬ ስጦታው የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከአባይ ማዶ የመጣ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ልጁ አፏን ሳትፈታ ሞተ። አገሬ ችግር ሲጠናባት የአምስት ዓመት ልጇን ብሩክታይትን ለእህቷ አደራ ሰጥታ፣ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብላ ዐረብ አገር ሄደች። ሁለት ዓመት! የቀጠረቻት ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቷን ቀማቻት፤ በሁለተኛው ቀን ስልኳን፤ በሦስተኛው ቀን በሩን ከውጭ ቆለፈችው። ደመወዝ የለ፣ ዕረፍት የለ፣ ሰንበትን ከዘወትር መለየት የለ… የጥንት ባርነት ይመስላችኋል? በእኛው ዘመን፣ ሰው በስልክ ፊት ለፊት እየተያየ በሚያወራበት ዘመን ነው! ስሟ ሳይቀር ለአፋቸው አልመች ስላላቸው ሌላ ስም አወጡላት። አገሬ ራሷን እንዳትረሳ፣ ዕቃ ባጠበች ቁጥር አባቷ በልጅነቷ ያስጠኗትን ዘር ትቆጥር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሳሕን አንድ አያት። "ብሩክታይት የኔ፣ እኔ የስጦታው፣ ስጦታው የአምላኩ…" ሲያልቅባት እንደገና ከልጇ ትጀምራለች። ስንት ሳሕን ታጥቦ ይሆን በዐሥራ አራት ዓመት? አቤት ፈጣሪ!

አገር ቤትስ? አንድ ደላላ "ከፎቅ ወድቃ ሞተች" የሚል መርዶ ይዞ መጣ። ድንኳን ተጣለ፤ ተለቀሰ፤ ተዝካሯም ወጣ። እህቷ በኀዘን ላይ በሽታ ተጨምሮባት ተከተለቻት። የእህቷ ባል ሕፃኗን ይዞ ሞጣ ገባ፤ እትዬ ጥሩአየሁ ዘንድ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ወር ሳይሞላው ልጅቷን እንደተኛች ትቷት ጠፋ። እትዬ ጥሩአየሁ ልጅ አልነበራቸውም። ስትነቃ አቅፈው "ስርጉቴ" አሏት፤ ስሟም ይኸው ሆኖ ቀረ። ታዲያ አሁን ማን ይቁጠርላት? ስርጉት የምታስታውሰው የእናቷንና የአያቷን ስም ብቻ ነው። አገሬ፣ ስጦታው… ከዚያ ወዲያ ጨለማ።

"የአባቷስ አያሰጋም፤ አባይ ማዶ ዘመድ የለንም" አሉ አባ አካለ ወልድ። "የእናቷ ግን ቢቸና ነው፤ የእኛም ሥር ቢቸና ነው። ሳይቆጠር አልባርክም።"

ስርጉት ያን ሳምንት አልሳቀችም። እዮብ ለሙሽርነታቸው የሚሠራውን አልጋ ራስጌውን ብቻ ጨርሶ አቆመው። "ከሞተች እናቴ ምን ልለምን?" አለችኝ ስርጉት፣ ጭኔ ላይ ተደፍታ። "ሳትቆጥሪልኝ ለምን ሞትሽ ልበላት?" እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ፓስቲ ሰጠኋት። እያለቀሰች በላችው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የደበቅሁት ነገር አለ፤ ልናገር። ከዚህ ሁሉ ዐሥራ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ አንዲት የከሳች ሴት ከቢቸና አውቶቡስ ወርዳ ሻይ ጠይቃኝ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ከቢቸና የመጣች ብሩክታይት የምትባል ልጅ ታውቂ ይሆን? አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ይሆናታል።"

እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። "እዚህ ከተማ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም። ብትኖር አውቃት ነበር። ተሳስተው ነው፣ ይመለሱ።"

ሻይዋን ሳትጨርስ፣ በመጣችበት አውቶቡስ ተመለሰች። አገሬ ነበረች! አንዲት የጎረቤት ቤት ሠራተኛ፣ እሷም የእኛው አገር ልጅ፣ በመስኮት አይታት ለፖሊስ ተናግራ፣ በሩ ተሰብሮ፣ ነፃ ወጥታ፣ ባዶ እጇን አገሯ የገባችው አገሬ! ቢቸና ብትሄድ የእህቷ ቤት የሌላ ሰው ሆኗል፤ "ልጅቷን ሞጣ ወሰዷት ይባላል" ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም። ባሕር አቋርጣ፣ በግንደወይን አድርጋ፣ ከልጇ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ስትደርስ… በእኔ ምላስ ተመለሰች! ምነው ያን ጊዜ ጀበናው… ኧረ ምን ጀበና፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ራሴ ላይ በተደፋ!

እንግዲህ የእዮብ አጎት ወልደ ሰንበት ቆጣሪ ፍለጋ ወደ ቢቸና ተላከ። እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ካህኑን አስፈቅዶ ሕዝቡ ፊት ቆመ።

"ወገኖቼ! የሟች የአገሬ ስጦታውን ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ካላችሁ ተባበሩን፤ ልጇ ሞጣ ላይ ልትዳር ነው። የአገሬን ነፍስ ይማር!"

"ይማር!" አለ ሕዝቡ።

ከሴቶች በኩል አንድ እጅ ተነሣ። "እኔ እቆጥራለሁ።"

"ሟችን ያውቋታል እንዴ?"

"እኔ ነኝ።"

ወልደ ሰንበት ሦስት ጊዜ አማተበ፤ አራተኛውን ሳይጨርስ ዝርፍጥ አለ። "ይቅርታ… ነፍስ ይማር ያልኩትን…" ሲል፣ አገሬ እንባዋ እየወረደ፣ "ግድ የለም፣ ለነፍሴም ያስፈልጋታል" አለችው። ከዚያ ግን ሰውን ጥሳ ወደ እሱ መጣች። "ልጄ አለች? በሕይወት አለች? ልትዳር ነው አልክ?" እያለች የጋቢውን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች።

በማግስቱ ሞጣ ገቡ። ወልደ ሰንበት በስልክ ትንፍሽ አላለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ወጉን ያውቃል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው። የሞተ ሰው መኖሩ እንዴት እንደሚረዳ ግን ማን አስተምሮት? "መጀመሪያ ቁጠሪ፤ ልጅቷ ደንግጣ እንዳትወድቅ ኋላ ቀስ ብለን እንነግራታለን" ብሎ አገሬን አስማላት። እሷም ማለች።

ግቢው ሞልቷል። አባ አካለ ወልድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስርጉት ራሷን አቀርቅራለች፤ እዮብ ከአጥሩ ሥር ምስማር ያኝካል። እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ያቺን ሴት አየኋት፤ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ መንጫጫት ጀመሩ።

"በይ ቁጠሪልን፣ የኔ ልጅ" አሉ አባ።

አገሬ ስርጉትን አየቻት። የአምስት ዓመቷ ልጅ ግንባር እዚያው ነው፤ ዓይኑም እዚያው ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ለሳሕን የነገረችውን ስም ለራሷ ለልጇ ጠራችው።

"ብሩክታይት…"

ስርጉት ቀና አለች። በዚያ ስም የጠራት ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ!

"ብሩክታይት የኔ" አለች አገሬ። "እኔ የስጦታው…"

መሐላው እዚያ ላይ ፈረሰ። "እማዬ?" "እማዬ ነኝ!" ማን ማንን እንደያዘ አልታወቀም፤ ወንበር ተገለበጠ፤ የአባ መቁጠሪያ ከእጃቸው አመለጠ፤ ወልደ ሰንበት "ቀስ በሉ፣ ቀስ ብለን ነው ያልነው!" እያለ ከሁሉ በላይ እሱ ይጮኻል። እኔም አለቀስኩ፤ አልክድም፤ ሻዩ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም።

እትዬ ጥሩአየሁ ብቻ ጥግ ይዘው ቆመዋል። አገሬ ሄዳ እግራቸው ላይ ተደፋች።

"ተነሺ እንጂ፣ ተነሺ!" አሉ። "ትወስጃታለሽ?"

"የት ልውሰዳት እትዬ? እኔም መግቢያ የለኝ። እዚሁ ይጨምሩኝ።"

"ጣሪያው ያፈሳል።"

"ይፍሰስ!"

ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ አባ አካለ ወልድ መቁጠሪያቸውን ከመሬት አንሥተው አራገፉ። "ለቅሶው ደግ ነው፤ ቆጠራው ግን አላለቀም።"

አገሬ እንባዋን ጠርጋ ቀጠለች። "ስጦታው የአምላኩ፣ አምላኩ የቢተው፣ ቢተው የተገኘ፣ ተገኘ የወንድይራድ፣ ወንድይራድ የደረሶ፣ ደረሶ የጓንጉል።"

የአባ ጣት ቆመ። "ጓንጉል?"

"ጓንጉል።"

"ጓንጉል የእኛም ነው" አሉ ቀስ ብለው። "በእኛ በኩል ስምንተኛ ነው። በእናንተ ግን ሰባት ላይ አረፈ። ልጆቼ… አይሆንም።"

አንድ ቤት! በአንዲት ቤት ጎድሎ! ስርጉት የእናቷን እጅ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እዮብ ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ። እናት ከሞት ተነሥታ የመጣችው የልጇን ሠርግ ልታፈርስ ነውን? አገሬም ከንፈሯን ነክሳ፣ "ምነው እዚያው በቀረሁ" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ግን የአባን ጣቶች ትክ ብላ አየች። ሳሕን ሲቆጥር የኖረ ሰው አይታለልም።

"አባ፣ ከማን ነው የጀመሩት?"

"መቁጠሪያው ወድቆብኝ ከስጦታው ጀመርኩ።"

"እኔስ?"

አባ መቁጠሪያቸውን አዩ።

"እኔስ አባ? ዐሥራ አራት ዓመት ማንም አልቆጠረኝም። ዛሬ በልጄ ፊት ልዘለል? አገሬ እባላለሁ። ይቁጠሩኝ!"

አባ አካለ ወልድ መቁጠሪያውን ወደ መጀመሪያው መለሱት። "አገሬ አንድ… ስጦታው ሁለት… አምላኩ ሦስት…" ሕዝቡ አብሯቸው ይቆጥራል፤ ሐምዱ ከሱቁ ወጥቶ በአጥሩ ላይ አብሮ ይቆጥራል። "ደረሶ ሰባት… ጓንጉል ስምንት!" እልልታው ግቢውን ነቀነቀው! አባ ጥርስ በሌለው አፋቸው እየሳቁ አለቀሱ፤ የአገሬን ግንባር ስመው፣ "ይቅር በይኝ ልጄ፣ ባንቺ ነው የተረፉት" አሏት። ስርጉት ሳቀች፤ ያ ሳቅ ተመለሰ! እዮብ ምስማሩን ተፍቶ ቀሪውን አልጋ ሊጨርስ ሮጠ። አገሬም ዞር ብላ አየችኝ።

"ቆይ፣ አንቺ ባለ ሻይዋ አይደለሽም? 'ብትኖር አውቃት ነበር' ያልሽኝ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ትሪዬን ይዤ የት ልግባ?

ጥር ላይ ሠርጉ ሆነ። ሙሽራዪቱ በሁለት እናቶች መካከል ተቀምጣ ተሞሸረች፤ አባ አካለ ወልድ ባረኩ፤ ወልደ ሰንበት እስክስታ ሊወርድ ብሎ ወገቡን ያዘው። እኔም ጠላው ትንሽ ሞቅ አድርጎኝ ከአገሬ አጠገብ ተቀመጥኩና ልቤ ሞላ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "አይ ዕድል!" አልኩ ጮክ ብዬ። "አንቺ ጨካኝ ዕድል! እናትን ከልጇ ነጥቀሽ፣ ባሕር አሻግረሽ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ዘግተሽ፣ መልሰሽ ደግሞ ሠርግ ላይ የምታስቀምጪ! ከአንቺ ጋር ማን ይከራከራል? ዕጣ ፈንታ በር ሲዘጋ የሰው ልጅ ምን ማድረግ ይችላል…?"

አገሬ እጄን መታ አደረገችው።

"ዕድል አይደለችም የዘጋችብኝ። ሴትዮ ናት፤ ስም አላት፣ አድራሻም አላት። ይልቅ ተነሺ፣ ነጠላዬ ላይ ነው የተቀመጥሽው።"