ብቸኛ አይደለም

መምህር ደረሰን ከዘንገና ሐይቅ ያወጡት ሰዎች ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑላቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። እንጅባራ ለፍርድ አትቸኩልም የሚል ካለ አያውቃትም፤ ሬሳው ሳይደርቅ፣ ብቸኝነት በልቷቸው ራሳቸውን ጣሉ ተባለ። ታላቅ እህታቸው እትዬ እንቁ የኢንስፔክተር ስሜነሽን እጅ ያዙ።

«ራሱን ካጠፋ ፍትሐት አይደረግለትም ብለውኛል። ያለ ጸሎት እንዳልቀብረው እርጂኝ፣ ልጄ።»

ስሜነሽ ቃል መግባት አትወድም፤ ግን ገባች። ከዳንግላ ተዛውራ ከመጣች ወዲህ፣ በተከራየችው ክፍል የሚጠብቃት ሰው የለም። የሽማግሌው ነገር አንጀቷን በላው።

መጀመሪያ ሐይቁ ድረስ በባጃጅ ያደረሳቸውን አዝመራውን ጠየቀች። ብቻቸውን እንደወረዱ፣ ፊታቸው ግን ፈክቶ እንደነበር ነገራት፤ እሱ እስኪመሽ ገበያተኛ ሲያመላልስ ብዙ ሰው አይቶታል። ቀጥሎ በአጥር የምታዋስናቸውን ካሳነሽን።

«ከመሞታቸው በፊት በነበረው ማታ በስልክ ስለ ብቸኝነታቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለች ካሳነሽ።

«ቃላቸውን ንገሪኝ። ‹ብቸኛ ነኝ› ነው ያሉት?»

«የለም። ‹ብቸኛ አይደለም፤ አንተው ፈትሸው› ነው ያሉት። ስለ ራሳቸው እንደ ሌላ ሰው ሲያወሩ፣ አእምሯቸው ተነካ ብዬ አዘንኩ።»

ስሜነሽ ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር በትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» እንደሚባል ታውቃለች። በከተማው ከመምህሩ ጋር ስለ ቁጥር የሚያወራው ደግሞ የቀድሞ ተማሪያቸው ፀጋው ብቻ ነበር። እሱም ዛሬ የሒሳብ መምህር ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር አኃዝ ያለው አዲስ ብቸኛ ቁጥር አገኘሁ ብሎ በቅርቡ አዲስ አበባ ሊሸለም ተዘጋጅቷል። ከመምህሩ ጋር ከመስከረም ወዲህ በስልክም አልተገናኘንም ብሏት ነበር።

በማግስቱ ሁሉንም ፍትሐት አይደረግለትም ካሉት ከቄስ ይሄነው ጋር በሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«መምህር ደረሰ ራሳቸውን አላጠፉም» አለች። «‹ብቸኛ አይደለም› ያሉት ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ፀጋው ቁጥር ነው። አካፋይ አግኝተውለታል።»

ካሳነሽ አፏን ያዘች። ፀጋው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ያሳዝናል። እርጅና ነው፤ ተሳስተው ይሆናል።»

ስሜነሽ ጠበቀችው። ሌላ አልጨመረም።

«አቶ ፀጋው፣ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ይለፋል፤ አለመሆኑን ለማሳየት ግን አንድ አካፋይ ይበቃል። የዓመታት ልፋትዎ ይካፈላል ስልዎ፣ ‹በስንት?› ብለው አልጠየቁኝም። እኔ አካፋዩን አላውቀውም። እርስዎ ግን ያውቁታል፤ በስልክ የነገሩት እርስዎን ነው። ሐይቁ ዳር የጠሯቸውም እርስዎ ነዎት፤ ባይሆን ኖሮ አልተደዋወልንም ብለው ባልዋሹኝ።»

ፀጋው ጣቶቹን እያየ ተናገረ። ሽልማቱ እስኪያልፍ ዝም እንዲሉለት ለምኗቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አካፋዩን እየደጋገሙ ሳቁ። እሱም ከገደሉ አፋፍ ገፋቸው።

«የሳቁብኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለካ ደስ ብሏቸው ነው። ስለዚያ ቁጥር የማዋየው ሰው ከእሳቸው በቀር አልነበረኝም።»

ቄስ ይሄነው ተነሡና ፍትሐቱ ዛሬውኑ ይደረጋል አሉ። እትዬ እንቁ መሬት ስመው አለቀሱ።

ካቴና ሲገባለት ፀጋው ከቀብሩ ላይ ልቁም ብሎ ለመነ። ስሜነሽ ወደ እትዬ እንቁ ዞረች። አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ይቁም» አሉ። «ሌላ የሚመጣለት ተማሪ የለውም።»