አንድ እጅ ኪስ ውስጥ

መክብብ አምፕ የሚሉትን የጊታር ድምፅ ማጉያ ጀርባውን በከፈተ ቁጥር ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ጨርቆስ፣ ከልብስ ሰፊዋ ከእታፈራሁ ጋር አንድ ቆርቆሮ በሚለየው ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ ከዚህ የጠበቀ ሃይማኖት የለውም። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ በጥፊ ጭምር ነበር ያስጠኑት፤ ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ ከነካኸው ያቃጥልሃል፣ በሁለት እጅ ከነካኸው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር በደረትህ መንገድ ያበጃል፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ልብህ አለ ብለው። የጊታር አምፕ ከሶኬት ተነቅሎም ቂም ይይዛል። ሆዱ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች የጠጡትን ኃይል ይዘው ያደፍጣሉ፤ አራቱ ትልልቅ፣ አምፑል መሳይ የመስታወት ቫልቮች ቦታቸው ላይ ካሉ ቂሙን ቀስ ብለው ይጠጡለታል፣ ቫልቮቹ ከወጡ ግን የሚያበርደው የለም። ስለዚህ መክብብ እጁን ከመስደዱ በፊት ሁልጊዜ ሽቦ በታሰረበት ካቻቢቴ ቂሙን ወደ ብረቱ ያራግፈዋል።

ሥራው ዝግ ያለ፣ ለብቸኛ ሰው የሚስማማ ሥራ ነበር። የመስታወት ቫልቮቹ ሞቀው እንደ ጋለ ፍም ቀላ እስኪሉ ይጠብቃል፤ በቴስተሩ እያንዳንዳቸው የሚጎትቱትን ኃይል ይለካል፤ የአንዱ ሆድ ከልክ በላይ ከቀላ ሊሞት ነውና ኃይሉን ይቀንስለታል። ከዚያ በእርሳስ ጫፍ ቶክ ቶክ ያደርጋቸዋል። ያረጀ ቫልቭ ጆሮ ያወጣል። ሲነኩት በስፒከሩ ያቃጭላል፣ አጠገቡ ያወራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይመጣበታል። ይህ ተአምር አይደለም፤ እርጅና ነው።

በዚያ ክረምት ግን መክብብ ተናዶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተው አምፕ የታናሽ ወንድሙ የናሁሰናይ ነው፤ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር የማያወልቀው፣ ስሙ የገነነው ጊታር ተጫዋች። መክብብ ምሳ ቤት ተቀምጦ ሽሮውን ሊጎርስ ሲል ቴሌቪዥኑ ላይ ወንድሙ ብቅ አለና፣ ቫልቮቹን የሚንከባከባቸው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ እንደ ልጆቹ እንደሚያያቸው ተናገረ። ጋዜጠኛዋ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀራት። ልጆቹ! ከአራቱ ሁለቱን ልጆቹን ስፒከሩን ሳይሰካ አብርቶ በቁማቸው ያነደዳቸው አባት! መክብብን የሚያውቁት ደንበኞች ዘወር ብለው አዩት፤ አንዱ ሳቀ። ሽሮውን ሳይጨርስ ከፍሎ ወጣ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው፣ የተቃጠሉትን ሁለቱን ቀይሮ ሲሞክር ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ስፒከሩ ተነቅሎ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል፤ በቦታው የሙከራ ሽቦ ገብቷል፤ ጊታር በአካባቢው የለም። ቢሆንም ከመስታወቶቹ መሃል፣ ከጋለ አቧራና ከቀለጠ ሰም ሽታ ጋር፣ አንድ የሰው ማጉረምረም ይወጣ ነበር። አንዳንዴ የጊታሩን ድምፅ አምፑ ራሱ በሆዱ እንደሚያንጎራጉር ያውቃል፤ ግን የሚያንጎራጉረውን መጀመሪያ አንድ ሰው ሊሰጠው ይገባል። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። የወንድ ድምፅ ነው፤ የማይቸኩል፣ ለጀማሪ የሚያስረዳ ዓይነት። ቃሉ አይለይም። መክብብ የምሳ ቤቱን ሳቅ ባሰበ ጊዜ የቴስተሩ ቀስት ሽቅብ ሄደ፤ ሌላ ነገር ሲያስብ ወረደ። ቴስተሩን ሰደበውና ዘጋው።

በማግስቱ ደብረ ዘይት ለቅሶ ደርሶ አመሸ። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ሲከፍት እታፈራሁ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ብቅ አለች።

"ተማሪ ያዝክ እንዴ?"

የለኝም አላት።

"ታዲያ ትናንት ሙሉ ቀን ማንን ነበር ስታስተምር የዋልከው? ድምፅህ ደግሞ እንዴት ይለሰልሳል! እኔን አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አናግረኸኝ አታውቅም።"

ሊስቅ ፈልጎ ፊቱ እምቢ አለው። የሱቁ ቁልፍ ትናንት ሙሉ ቀን ደብረ ዘይት፣ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ሱቁ በቀን ጨለመ። አምፑን አበራው፤ አራቱ ቫልቮች ቀሉ፤ ድምፁ አሁን ጥርት ብሎ መጣ። "ሁለቱንም እጅህን አስገባ" ይላል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ትንፋሹ ራሱ ይሰማል፣ "አይዞህ፣ ነቅዬዋለሁ።" ደግሞ እንደገና፤ በየድግግሞሹ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ እያሻሻለ፣ ቃሉን የሚለማመድ ሰው ይመስል። ከጋለው አቧራ ሥር ሌላ ሽታ ገባ፤ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ። መክብብ "ዝም በል" አለው። ዝም አላለም። አጠፋው፣ አራቱንም ቫልቮች በጨርቅ ይዞ ነቀላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው፣ ባዶውን አምፕ እልህ ይዞት እንደገና አበራው። የሚሰማ ጆሮ፣ የሚናገር መስታወት የለም፤ አራት ጥቋቁር ጉድጓዶች ብቻ። "ሁለቱንም እጅህን አስገባ" አሉ ጉድጓዶቹ፣ ከበፊቱ ይልቅ ቀርበው። መክብብ ገመዱን ከሶኬት መነጨቀ፤ ማጉረምረሙ ግን ከዝናቡ ድምፅ ሥር ቀጠለ።

ያኔ ወሰነ። ናሁሰናይ አምፑን ሊወስድ የሚመጣው ዛሬ ነው፤ ይህን ዕቃ አትንካው፣ ወስደህ ጣለው ይለዋል። ቢናደድበትም እናታቸው ስትሞት በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ልጅ ነው። የዚህ ልጅ እጅ እዚህ ዕቃ ውስጥ እንዲገባ አይፈልግም። የቀረውን ቂም ሊያራግፍ ወደ ካቻቢቴው እጁን ዘረጋ፣ በሩ ተንኳኳ።

ናሁሰናይ በዝናብ በስብሶ፣ ያለ መነጽሩ ቆሟል። ዓይኖቹ የልጅነቱ ናቸው።

"ወንድም ጋሼ፣ ቴሌቪዥን ላይ ዋሸሁ" አለ መሬት መሬት እያየ። "አፍሬ ነው የቆየሁት። ቫልቭ መግጠም አስተምረኝና እውነት ይሁንልኝ።"

የመክብብ ንዴት በረደ። ልጁን ጎትቶ አስገባው፣ በፎጣ ራሱን አደረቀለት፣ ስለ አምፑ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ናሁሰናይ ግን ስልኩን አውጥቶ ቀረጻውን አስተካክሎ በወንድሙ ቀኝ እጅ አስጨበጠው።

"ስገጥም ቅረጸኝ፤ ተከታዮቼ ይወዱታል። አንተ እንዳትናገር፣ ድምፅህ እንዳይገባ፤ የኔ እጅ ብቻ ይታይ።"

መክብብ ቀና አለ። ግራ እጁ መቼ እንደገባች ሳያውቅ ኪሱ ውስጥ ናት። ካቻቢቴው ጠረጴዛው ላይ፣ ከአራቱ ቫልቮች አጠገብ፣ እንደተቀመጠ ነው። ናሁሰናይ እጅጌውን ሰብስቦ በተከፈተው አምፕ ላይ ጎንበስ አለ፤ ከፀጉሩ የዝናብ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ዳርና ዳሩን ልያዘው ወይስ በአንድ እጅ ይበቃል ብሎ ጠየቀ። አምፑ ጭጭ አለ፤ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተራውን ለሌላ እንደለቀቀ ሰው።

"ሁለቱንም እጅህን አስገባ" አለ መክብብ፣ እታፈራሁ በተመኘችው በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ ትንፋሽ ወሰደና፣ "አይዞህ፣ ነቅዬዋለሁ።"