የወለተ ሐና እሳት

የአበራ ሬሳ በሸክላ ሠሪዋ በወለተ ሐና አጥር ሥር፣ ከውጭ በኩል ተጋድሞ ነበር። ጋቢ አልብሰውታል። መቶ አለቃ ሽባባው ከቡታጅራ በላንድሮቨር ሲደርስ፣ የመስቃን ገበሬ አጥሩን ከቦ፣ ሁሉም አፍንጫውን ሸፍኖ አገኘ። ሬሳው ገና አልሸተተም። አፍንጫቸውን የያዙት የሸክላ ሠሪዋን ግቢ ተጠይፈው ነው።

«ቡዳ ናት! ቤቷ ይቃጠል!» አለ አንዱ።

«ክብሪት የጫረ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለ ሽባባው።

ጋቢውን ገለጠ። የሟቹ ፊት ንጹሕ ነው። እጁን ከማጅራቱ ሥር ሲሰድ ግን አጥንቱ መድቀቁ ተሰማው። መልሶ አለበሰው፤ ያገኘውንም ለማንም አልተናገረም። ቀጥሎ መሬቱን አየ። ተረከዝ የጎተተው ፈር ከእንሰት ጓሮ ተነሥቶ አጥሩ ጋ ቆሟል።

«በላችው!» ብሎ አገር የጠራው የሟቹ ታላቅ ወንድም ተካ ነበር። ሽባባው ለብቻው አስጠራው።

«ምን አየህ?»

«በአጥሩ ቀዳዳ ነው ያየሁት፣ ጌታዬ። እሳቷን እየቆሰቆሰች ነበር፤ ነበልባሉ ከቁመቷ በላይ ይንቦገቦጋል። አበራ ጀርባውን ሲሰጣት በድንጋይ ከኋላ አለችው።»

«ይህን ለሰዎቹ ነግረሃል?»

«ኧረ የት! ከጩኸት በቀር ቃል መች ወጣኝ?»

«ግቢዋ ገብተህ ታውቃለህ?»

ተካ ምራቁን ተፋ። «እዚያ? ጃንሆይ ይሙቱ፣ እግሬ ረግጦት አያውቅም!»

የሸክላ ነጋዴው ደበሌ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። «ከአበራ ጋር ተጣልተናል፤ አልክድም። ሸክላሽን ራስሽ ወስደሽ ሽጪ ብሎ ሸክላ ሠሪዋን መከራት። ግን እኔ እንሴኖ ገበያ ነበርኩ።» አብረውት የተመለሱት ገበያተኞችም ጩኸቱን መንገድ ላይ ሳሉ መስማታቸውን መሰከሩለት።

ሽባባው ወደ ግቢው ሲገባ አብረውት የመጡት ፖሊሶች በሩ ላይ ቀሩ። ወለተ ሐና እበትና እርጥብ ሣር በለበሰ የሸክላ ክምር አጠገብ ተቀምጣለች። ክምሩ ነጭ ጭስ ብቻ ይተፋል።

«ወይዘሮ ወለተ ሐና» አላት። ማንን እንደጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች።

«ጌታዬ፣ የሚወስዱኝ ከሆነ ይህ ይብሰልልኝና ይውሰዱኝ። ንፋስ ከገባው ሁሉም ይፈነዳል። የክረምት እህላችን እዚህ ውስጥ ነው።»

«ነበልባል አይወጣውም?»

«ከወጣውማ አለቀልኝ። ብልጭ ባለ ቁጥር በእርጥብ ሣር እደፍነዋለሁ። ከማለዳ ጀምሮ ዓይኔን አልነቀልኩም።»

ልጇ አበባ በጉልበቶቿ መካከል ፊቷን ቀብራ ታለቅስ ነበር። «አበራ ሊያገባኝ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ትናንት ለወንድሙ ነግሮታል። እኛ ቤት እንደሚበላም አልደበቀውም።»

ጭሱ ሲከስም ሽባባው ተካን፣ ደበሌንና ሕዝቡን አጥሩ ዳር አቆማቸው። ወለተ ሐና በረጅም እንጨት አመዱን ገፈፈች። የመጀመሪያውን እንስራ ሳብ አድርጋ በጭራሮ መታችው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውም ጮኸ። ሳቅ አምልጧት አፏን ያዘች፤ ሐዘን መሆኑን ረስታ ነበር። እስከ መጨረሻው አንድም የተሰነጠቀ አልወጣም።

«ተካ» አለ ሽባባው፣ «አንተ እንዳልከው ነበልባሉ ከቁመቷ በላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ገል ይሆን ነበር። ያየኸው እሳት የለም። እዚህ አጥር ሥር አድገህ ሸክላ እንዴት እንደሚበስል አታውቅም። ስትጠየፍ፣ ፊትህን ስታዞር ነው የኖርከው።»

ሽባባው ወደ ተካ ቀረበ።

«ካላየህ ደግሞ፣ ከኋላ በድንጋይ መመታቱን ማን ነገረህ? እነዚህ ሁሉ ቡዳ በላው ነው የሚሉት። ቁስሉን እኔ በእጄ እስካገኘው ድረስ ማንም አላወቀም። ሬሳው የተጎተተው ከማን እንሰት ነው?»

«ከተካ» አለ ደበሌ ቀስ ብሎ።

«ጎታቹ ሊወነጅላት ፈልጓል። በሩ ክፍት ነው፤ እሷ ዓይኗን ከክምሩ አልነቀለችም። ለምን ወደ ውስጥ አላስገባውም? አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ወንድሙን ለመግደል ያልተጠየፈ ሰው ያቺን እርምጃ ተጠየፋት።»

«አዎ!» ብሎ ጮኸ ተካ። «የእነሱን ማዕድ ቀምሶ በእናቴ ቤት ሊቀመጥ? በማን ዋንጫ ሊጠጣ? ለእኔ ትናንት ይህን ሲነግረኝ ነው የሞተው!»

ሽባባው ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቷል። ከደም ይልቅ እንጀራ የቀፈፈው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ካቴናውን ራሱ አሰረለት። ሕዝቡን ቢያይ፣ በገዳዩ የተቆጣ ፊት ፈልጎ አጣ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ለተካ አንገቱን ነቀነቀለት።

ሰው መበተን ሲጀምር ደበሌ ከውጭ ሆኖ ተጣራ። «ወለተ ሐና፣ እንስራዎቹ ሲበርዱ እንደ ወትሮው ከአጥሩ ውጭ ደርድሪልኝ።»

ሴትየዋ ልጇን አየች። ከዚያ አመድ የለበሰ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አላወጣም፣ ጋሼ ደበሌ። የፈለገ ገብቶ ይውሰድ።»

ደበሌ አንድ እግሩን አነሣ፤ ዙሪያውን የሚያየው ሰው እንዳለ ቃኘ፤ እግሩንም መልሶ እዚያው አሳረፈው።