ምንም ያልጎደለው ሰፈር

«ቆመህማ አትሄድም! ግባ፣ ቁጭ በልና አንድ ነገር ቅመስ» አሉ ጋሽ መንበሩ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው።

«አመሰግናለሁ፤ እኔ አልበላም» አለ ጠያቂው።

«መጀመሪያ ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው። ወለላ! እንግዳ መጥቷል፤ ከዚያ ከዳቦው ቁረሺለት!»

«ለቤተሰቡ የሚበቃ ምግብ አለዎት?»

«ሞልቶ! ሞልቶ ተርፎ! በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።»

በጠያቂው ደረት ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆነች። «ምግብ፣ ሞልቶ ተርፏል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ቀጠለ። «ጋሌስ? የጎደለዎት ነገር አለ?»

«ምን ይጎድላል ልጄ? ተመስገን ነው።»

መብራቷ እንደገና አረንጓዴ በራች። ጠያቂው ሦስት እግሮቹን አጠፍ አድርጎ እጅ ነሳና ወደ ቀጣዩ በር አመራ።

እትዬ ወለላ ከጓዳ ብቅ አሉ። የያዙትን ዳቦ በቀዘቀዘው ምድጃ ጠርዝ ላይ አንኳኩት። ድንጋይ ከድንጋይ የተጋጨ መሰለ።

«ሞልቶ ተርፎ?» አሉ።

«ታዲያ እንግዳ ፊት ምን እንድል ፈለግሽ?»

ጋሌ ማለት የምድርን ሆድ ሙቀት ጠጥቶ ቀስ እያለ የሚተፋ ጡብ ነው። አሉቶ ከተማ ይህን ጡብ ተራራው ውስጥ ባለው ጉድጓድ ከትታ ታግለዋለች፤ በቱቦም ወደየሰፈሩ ትሰደዋለች። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ይጋግራል። ጀልባ ሆድ ውስጥ ሲገባ ሐይቅ ያሻግራል። ለየትኛው ሰፈር ስንት ይድረስ የሚለውን ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቀው ማሽን፣ ማለትም ጠያቂው፣ ይዞት የሚመጣው ቃል ይወስናል። ድሮ ሹማምንት በራሳቸው እጅ «ሕዝቡ ደህና ነው» እያሉ ሪፖርት ይጽፉ ነበር ይባላል። ስለዚህ ሕግ ወጣ። ጠያቂው ከሰው አፍ የሰማውን ብቻ ይመዘግባል፤ መሐንዲስ ይሁን ሹም፣ ማንም ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርበትም። የተመዘገበውን ደግሞ ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም ይፈጽማል።

ሕጉ ሲወጣ የእነ ጋሽ መንበሩ ዳገት ሰፈር አጨብጭቧል። ጠያቂው ደጃፍ ላይ እንደ እንግዳ ሲቆም ምን እንደሚመጣ ግን ያሰበበት አልነበረም። እንግዳ ሲጠይቅ ሰው «ደህና ነን» ይላል እንጂ ጓዳውን አይዘረግፍም። ታች ሰፈር ያሉት ጠያቂውን ገና ከሩቅ ሲያዩት ነው ማልቀስ የሚጀምሩት። ዳገት ሰፈር ግን ጨዋ ነው። ሰፈሩ «ተመስገን» ባለ ቁጥር ጋሌው ቁልቁል ወደ ታች ሰፈር ሲንሸራተት፣ ሲንሸራተት፣ በየቤቱ የቀረው ጡብ እንደ ደከመ ሰው እጅ ለብ ብሎ ነበር።

ይህ ሁሉ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቻላል። አሁን ግን እሑድ የጸደይ መልስ ነው። ጋሽ መንበሩና እትዬ ወለላ አንድ ልጃቸውን ጸደይን ድረው፣ የሙሽራውን ወገን ከሐዋሳ ጠርተዋል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ድስቶቹ ከየቤቱ ተሰብስበዋል። የጠፋው ድስቶቹን የሚያፈላው ነገር ነው። አዲስ አማት ቀዝቃዛ ወጥ በላ ከሚባል፣ ጋሽ መንበሩ ከነጀልባቸው ሐይቁ ውስጥ ቢገቡ ይመርጣሉ።

ዓርብ ዕለት ኤፍራታ የምትባል የጠያቂ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ወደ ሰፈሩ መጣች። አመጣጧ ለሌላ ነበር። በጠያቂው መዝገብ ከከተማዋ ሁሉ ምንም ያልጎደለው ሰፈር ዳገት ሰፈር ስለሆነ፣ ምሥጢሩን አጥንቺ ተብላ ነው። ደጃፍ ላይ እትዬ ወለላን ያገኘቻቸው በርጩማ ሲፈልጡ ነው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ደስተኛው ሰፈር በየት በኩል ነው?»

«ይኸው ደርሰሻል የኔ ልጅ፣ ግቢ!» አሉ እትዬ ወለላ መጥረቢያውን ከኋላቸው ደብቀው።

ኤፍራታ በርጩማውን አየች። ምድጃውን ነካች። ዳቦ ቀረበላት፤ ነከሰችው፤ ጥርሷን ያዘች። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም።

«እኔ መዝገቡ ላይ እጄን ባስገባ ወንጀል ነው» አለች። «ነገ ጠዋት ግን ጠያቂው ተመልሶ እንዲጠይቅ ማድረግ እችላለሁ። እውነቱን ብቻ ይንገሩት። ጋሌ የለም ማለት ነው፤ በቃ።»

ሰፈሩ ተሰብስቦ ተወካይ መረጠ። ምርጫው ጊዜ አልፈጀም። ጋሽ መንበሩ የሐይቁ ጀልባ ነጂ ናቸው፤ ግን ጀልባ መንዳት የሥራቸው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አስተያየት መስጠት ነው። ከዚህ ዳርቻ እስከዚያ ዳርቻ ሳያማርሩ የተሻገሩበት ቀን ቢኖር ሞተሩ የጮኸበት ቀን ብቻ ነው። «ለማሽኑ የሚመጥን አፍ እሳቸው ዘንድ ነው» ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠያቂው በሩን አንኳኳ። ሰፈሩ በሙሉ ከአጥሩ ጀርባ ጆሮውን አቁሟል።

«ምን ጎደለዎት?» አለ ጠያቂው።

ጋሽ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማለት… አንተስ እንዴት ነህ? ዳገቱ አልከበደህም?»

«አልከበደኝም። ምን ጎደለዎት?»

«እንግዲህ… ጋሌው…» አሉና ላብ አጠመቃቸው። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ሰው «በርቱ!» ሲል ተሰማ። «ጋሌው… ጋሌውም… እሱ ይመስገነው!»

አረንጓዴ። አጥሩ በሙሉ አቃሰተ።

እትዬ ወለላ ባላቸውን ገፍተው ወደፊት ወጡ። «ዞር በል አንተ ሰውዬ! ስማኝ ልጄ፣ እኛ ቤት እኮ…» የጠያቂውን ለስላሳ ፊት ሽቅብ አዩት። እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቃቸው። «…እኛ ቤትማ ምንም የለም፣ ማለቴ ምንም አልጎደለም፤ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልን» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ኤፍራታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋ ሲያባራ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር እንዳልቀረ ገባት፤ ነገ እሑድ ነው።

ወደ ቢሮዋ ለመመለስ ጀልባ ተሳፈረች። ጠያቂውም ተከትሏት የኋላ ወንበር ላይ ሦስት እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ። ጋሽ መንበሩ ሲሳፈር አይተውታል፤ እንደ ወጉም «ተጠጉለት» ብለዋል። ከዚያ የቀረችውን ለብታ ሞተሩ ውስጥ ጨምረው፣ ጀርባቸውን ለተሳፋሪው ሰጥተው መሪውን ያዙ። ጀልባዋ እየተንፏቀቀች ወደ ዝዋይ ሐይቅ መሐል ወጣች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ?» አለች አንዲት ዓሣ ነጋዴ።

«እያሰብኩ ነው። ድሮ የሚያስብ ሰው ይከበር ነበር፤ ዛሬ ማሰቡም ለዕቃ ተሰጥቷል። ትናንት ጫማዬ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ክብደት ጨምረዋል።› ጫማ! ረግጬው የምሄድ ጫማ! በሩ በስሜ ይጠራኛል፤ ትራሱ ‹በደንብ አልተኙም› ብሎ ይገመግመኛል። ቤቴ ውስጥ የማይናገር ዕቃ ምድጃው ብቻ ነው፤ እሱም በርዶት ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ጋሽ መንበሩ ሳቅ ሲሰሙ እንደ ሞተር ናቸው፤ ይሞቃሉ።

«ምግቡንስ አይተሻል? ዶሮ ነው ብለው ከማሽን የሚቀዳ ነገር ያመጣሉ። አጥንት የለው፣ ክንፍ የለው፣ አንድ ቀን እንኳ ጮኾ ጎረቤት ቀስቅሶ አያውቅ። በሕይወቱ ያልጮኸ ዶሮ ወጥ ውስጥ ገብቶ ምን ሊናገር ነው? አሥራ ሁለት ብልቱን ከየት አመጣለሁ? ፈረሰኛውን ለማን አጎርሳለሁ?»

«ነዳጁስ ጋሼ?» አለ ሌላው እሳት ሲቆሰቁስ።

«ነዳጅ ድሮ ቀረ! ቅድመ አያቴ፣ ቤንዚን በሚቀዳበት ዘመን፣ መኪናውን አሰልፎ ሲጠብቅ ነው ከኋላው የተሰለፈችውን ልጅ ያገባው። እኔ እኮ የሰልፍ ዘር ነኝ! ቢያንስ ሰልፍ ነበረ። አሁን ጋሌው በቱቦ ተንሸራቶ ይመጣል፤ ወይ አይመጣም። የምትቆምበት፣ የምትሳደብበት፣ የምትታጭበት ቦታ የለም።»

«ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አለች ኤፍራታ ከኋላ፣ ቀስ ብላ።

«አይመጣም! ሰፈሩ በሙሉ በርዶታል። ወለላ በርጩማዎቼን ፈልጣ ጨርሳ ወደ አልጋው እያየች ነው። ነገ የልጄ መልስ ነው። ያሳደግኋትን ልጅ የወሰዱ ሰዎች ሐይቅ ተሻግረው ሲመጡ የማቀርብላቸው ተመስገን ብቻ ነው። ተመስገን ደግሞ ማባያ ነው እንጂ ለብቻው አይበላም!»

ኤፍራታ ወደ ጎኗ አየች። በጠያቂው ደረት ላይ፣ ለዳገት ሰፈር በርታ የማታውቀው ቀይ መብራት እንደ ፍም ቦግ ብላለች።

«ፖለቲካውስ?» አለች ዓሣ ነጋዴዋ።

«ፖለቲካ አልናገርም።»

ሁሉም ጠበቀ። ብዙ አላስጠበቁም።

«ግን አንድ ነገር ልበል። የምክር ቤቱ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ልጆቻቸውን አሻግራለሁ፤ የታነጹ ልጆች ናቸው። ችግሩ አንድ ጋሌ ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቁም። እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ እያንዳንዱን ሹም አንድ አንድ ጋሌ አሸክሜ ዳገቱን አስወጣው ነበር። በእግሩ! ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ከተረፈ ስለ ሕዝብ ያውራ።»

ጀልባዋ ዳርቻ ስትነካ ኤፍራታ ከጀርባቸው ቆመች። «ጋሼ፣ ሳይዞሩ ይስሙኝ። ጠያቂው ሁሉንም ሰምቷል። ቃሉ የእርስዎ ነው። ይመዝገብ ወይስ ይሰረዝ?»

የጋሽ መንበሩ ጆሮ ቀላ። ሊዞሩ አሉና አንገታቸውን መለሱት። ቢዞሩ እንግዳ ፊት እንደሚቆሙ ያውቃሉ፤ እንግዳ ፊት ከቆሙ ደግሞ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። መሪውን ጨበጡ።

«የልጄ መልስ ነው» አሉ ሐይቁን እያዩ። «ይመዝገብ!»

እሑድ ረፋዱ ላይ ድስቶቹ እንደተደረደሩ፣ እንደቀዘቀዙም ነበሩ። የሐዋሳ እንግዶች ጀልባ ከሩቅ ታየች። እትዬ ወለላ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ። ጸደይ ሊያጽናኗት ለሚሞክሩት ሁሉ «ምንም አይደል» እያለች ከንፈሯን ትነክሳለች። ጋሽ መንበሩ አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው፣ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የመጡ መስለው ተቀምጠዋል።

ከዳገቱ ሥር ሁካታ ተሰማ። ሰፈሩ ወደ አጥር ሮጠ።

የምክር ቤቱ አባላት በመስመር እየወጡ ነበር። እያንዳንዳቸው የጋለ ጡብ በሸክላ ዕቃ ተሸክመዋል። ክራባታቸው ወደ ጀርባ ዞሯል፤ ሊቀ መንበሯ ጫማቸውን አውልቀው በብብታቸው ይዘዋል። አንዱ ወፍራም ሹም በየአሥር እርምጃው «ይሄ ዳገት በካርታው ላይ አልነበረም» ይላሉ። ከሁሉም ኋላ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ ክንፉን እያራገበ የሚጮኽ፣ የሚታገል፣ ፊታቸውን የሚቧጭር እውነተኛ አውራ ዶሮ አቅፈው ይወጣሉ። የሰሙትን በሙሉ ፈጽመዋል፤ ሕግ ነው።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሹማምንቱ እልልታው ለእነሱ መስሏቸው ቀና አሉ፤ በእርግጥም የተወሰነው ለእነሱ ነበር። ጋሌው ምድጃ ገባ፤ ድስቱ ተንተከተከ። አማቾቹ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ የወጡ ሽታ ቀድሞ ተቀበላቸው። አውራ ዶሮው ግን አልታረደም። ጋሽ መንበሩ ጩኸቱን ሰምተው አንጀታቸው እምቢ አለ፤ ጸደይም ይዛው ትሂድ ተባለ። ሹማምንቱም በድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጉርሻ በሁለት እጅ እየተቀበሉ በሉ። ያ ወፍራሙ ሹም ሦስተኛ ጊዜ «በቃኝ» ቢሉም የሰማቸው የለም።

ጭፈራው ሞቅ ሲል ኤፍራታና ጠያቂው መጡ። ጋሽ መንበሩ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው። ጠያቂው ግን አልተቀመጠም።

«አንድ ያልተዘጋ መዝገብ አለኝ» አለ። «ደጃፍ ላይ ‹ምን ይጎድላል› ብለዋል። ጀልባ ላይ ‹ሰፈሩ በሙሉ በርዶታል› ብለዋል። ሁለቱም የእርስዎ ድምፅ ነው። ሐሰቱ የትኛው ነው?»

ሹማምንቱ ማኘክ አቆሙ።

ጋሽ መንበሩ ወደ ጠያቂው ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያፍሩ ፊት ለፊት አዩት። «ሐሰት የለበትም» አሉ። «በሬ ላይ ቆመህ ሳይህ ምንም አልጎደለኝም ነበር፤ እንግዳ መጥቶልኛላ። ሐይቁ ላይ ብቻዬን ፊቴን ሳዞር ደግሞ ሁሉም ጎደለብኝ። ሁለቱም እኔ ነኝ።»

በጠያቂው ደረት ላይ አረንጓዴዋ በራች፤ ጠፋች። ቀይዋ በራች፤ ጠፋች። ከዚያ ኤፍራታ ራሷ እንኳ አይታው የማታውቀው ቢጫ መብራት እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«ታዲያ የቱን ሰውዬ ልመዝግብ?» አለ።

እትዬ ወለላ ጭልፋውን ሳያስቀምጡ ዞር አሉ።

«እኔ አግብቼው፣ ልጅ ወልጄለት፣ ልጅ ድሬለት እስካሁን አልደረስኩበትም» አሉ። «አንተ የደረስክበት እንደሆነ ለኔም ንገረኝ።»